የብር ወዝ

ኩልዲጋ ላይ፣ በኅዳር፣ ቀን ማለት ጭላንጭል ነው፤
የቬንታ ወንዝ ጉም ነው መስኮቴን የሚያለብሰው።
ለሥራዬ ግን ደግ ነው። ፀሐይ ከብር አትስማማም፤
ፊት ለፊት የጮኸ መብራት ራሱን እንጂ አይሰማም።

ሳንቲም ነው የማነሣው፤ የአሮጌ ገንዘብ ፎቶ፣
ሰብሳቢ ሩቅ አገር ሆኖ እንዲገዛው አይቶ።
ጥበቡ ብዙም አይደል፤ ካሜራን ቁልቁል ደፍቶ፣
መብራቱን በስስ ወረቀት ከጎን አለስልሶ አብርቶ፣
ግራጫ ካርድ አስቀምጦ ነጩን ከነጭ ለይቶ፣
ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ብሩ እስኪናገር ዝም ብሎ፣
በጣት ጫፍ ጠርዙን ይዞ፣ በፀጉር ስፋት አዘንብሎ።
ያኔ ወዙ ይነሣል፤ እንደ ጋሪ እግር ይዞራል፣
ከመሐል ተስፈንጥሮ ጠርዝ ለጠርዝ ይበራል።
ካሜራ ግን ምስኪን ነው፤ አንዱን ቅጽበት ብቻ ያስራል፤
የቆመ እግር አይቶ ማን "ሮጠ" ብሎ ይመሰክራል?

ታሊቫልዲስ ሐሙስ ዕለት፣ በረዶ ከጫማው እያራገፈ፣
ከሱፍ ጓንት ጣት ውስጥ አምስት ላት ፈልቅቆ
ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈ።
የድሮ ብር ናት፤ ሽሩባዋ ትከሻዋን የነካ፣
የስንዴ ዛላ የያዘች ልጅ፣ መልኳ አንድ አገር ያስመካ።
እናቱ፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ፣ በዚያው ጓንት ሸፍና
ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ ከድንቹ ጓዳ ደፍና፣
የሱፉን እስትንፋስ ስትጠጣ ኖራ፣ ዕድሜ ልኳን ተኝታ፣
ጠርዟ ሐምራዊ ሆኗል፤ ወደ ውስጥ ሰማያዊ፣ እንደ ማታ፤
ከጉንጯ ሥር ደግሞ አረንጓዴ፣ የዳክዬ አንገት።
"ልወልውላት?" አለኝ። "ሶዳ አምጥቻለሁ ከቤት።"

እጁን እንደ ሌባ እጅ ያዝኩት።
ሰው ፊቱን ቢታጠብ ይነጻል፤ ብር ግን ፊቱ ይላጣል፤
ወዙ አንዴ ከተፋቀ በየትኛው ቅባት ይመጣል?

አነሣሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ። በአሥራ ስምንተኛው ያዝኳት፤
ሐምራዊውን፣ ወዙን፣ ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ጭረት።
በስክሪን አሳየሁት። መነጽሩን ጠረገ፣ ቀረበ፣ ራቀ፤
"ጥሩ ነው" አለ። "ግን እሷ አይደለችም።" እንደ ማፈር ብሎ ሳቀ።

"እሷ ቢጫ ነበረች። ማር የመሰለች። በገና ሌሊት፣
አባቴ ከተወሰደ ወዲህ፣ ከድንቹ ጓዳ ጽልመት፣
እናቴ ሻማ ለኩሳ ታሳየኝ ነበር፤ ሳትናገር።
በቀን ያየኋት ዘንድሮ ነው፤ ልሸጣት ስል፣ ለማገዶ ብድር።"

ምን ልበል? ግራጫው ካርድ ዳኛዬ ነው፤
ነጭ ነጭ ነው፣ ብር ብር ነው፣ ሻማ ግን ውሸታም ነው፤
እንዲህ ነው የተማርኩት። የሻማን ቢጫ ማረም
የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ከዚያ የሚቀድም የለም።

መብራቱን አጠፋሁት። ከመሳቢያ ጉማጅ ሻማ ፈለግሁ፤
ካሜራውን "አታርም" ብዬ፣ ዳኛውን በፊቱ ገለበጥሁ።
ሰሙ መቅለጥ ሲጀምር ብሩ ወርቅ ሆነ፤
ታሊቫልዲስ አፉን በእጁ ከደነ።
ነበልባሉ ሲወዛወዝ ወዟ ጉንጯ ላይ ሮጠ፣
የተነፈሰች መሰለኝ።
አንዴ ብቻ ተጫንኩ፤ የመዝጊያው ድምፅ ጸጥታውን ቆረጠ።

ሁለት ፎቶ ሆኑ። አንዱን ታርቱ ላለ ገዢ ላክሁ፤
ሐምራዊውን ሐምራዊ አልኩ፣ ጭረቷንም አልደበቅሁ።
በሳምንቱ ዋጋው መጣ፤ እንጨቱም ከደጁ ተራገፈ፤
ሳንቲሟ ድንበር ተሻገረች። ያም ነገር በዚያ አለፈ።

ሌላውን አትሜ ሰጠሁት። ብዥ ያለ፣ ጥላ የበዛበት፣
ማንም ሰብሳቢ የማያየው። አጠፍ አድርጎ ከጓንቱ ከተተበት።
"ጓንቱ አንድ ብቻ ነው?" አልኩት፣ በሩን ልዘጋ ስል፣ እንዲያው ለወሬ።
"ግራው ነው" አለ። "ቀኙን አባቴ አድርጎት ሄደ፤
ያኔ፣ በመጋቢት፣ ጎሕ ሳይቀድ፤ አልተመለሰም እስከ ዛሬ።"